የረቡዕ እናቶች

ዐዚዛ ኡዘይር ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ ቅዳሜ ገበያ ክርና ጥለት ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ከትምህርት ቤት አውጥተው የዳሯት ስድስተኛ ክፍል ሳለች ነው። ስታወራው አታማርርም፤ «ክፍልፋይ ሒሳብ ላይ አነሡኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ግማሽ ነኝ» ብላ ትስቃለች።

በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት እኔ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወገራ የመጡ ልጃገረዶች ነበሩ። ጎንደር ውስጥ በየሰዉ ጓሮ ክፍል ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከገጠር እያስመጡ ይማራሉ። ጥር ሲገባ፣ የሠርግ ወር ነውና፣ ወንበራቸው እየሳሳ ይሄዳል። ርእሰ መምህራችንን፣ ዳኛው የሚባለውን፣ ይህ ያንገበግበው ነበር። አንድ ቀን የከተማውን ሴቶች ሰብስቦ፣ «እነዚህ ልጆች እዚህ እናት ያስፈልጋቸዋል። ረቡዕ ከሰዓት እየመጣችሁ አብራችኋቸው ተቀመጡ፤ የሆዳቸውን ስሟቸው» አላቸው። ቀድማ እጇን ያወጣችው ዐዚዛ ናት።

ዳኛው የቄስ ልጅ ነው፤ ማኅበር ሲደገስ እያየ ያደገ። ማኅበር በተራ ነው፤ ዛሬ አንዱ ቤት፣ በሚቀጥለው ወር ሌላው ቤት፤ በማንም አይከብድም፣ ማንም አይቀርበትም። እናትነቱንም በዚያው ልክ ሰፋው። ለአንዲት ልጅ ሦስት እናት፣ በየረቡዑ የሚፈራረቁ።

«እኔ እስላሟ በስተርጅናዬ ማኅበር ልገባ ነው?» አለች ዐዚዛ።

«አይዞሽ፣ ላንቺ ጽዋው ብርዝ ይሆናል!» አለቻት የመሪጌታ ሚስት ሐረገወይን። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

የዐዚዛ ተራ በታኅሣሥ ደረሰ። ከአምባ ጊዮርጊስ በኩል ከመጣችው ከምስጢር ጋር ባሕር ዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ልጅቷ በቀኟ። ምስጢር ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ሒሳብ ላይ ማንም አይደርስባትም። ያን ቀን ግን እርሳሷን ትነክሳለች።

«ምነው ልጄ፣ እርሳስ ምሳ ሆነ እንዴ?»

«እትዬ፣ አባቴ ለጥምቀት ነይ ብሎኛል።»

«ታዲያ ምን ይከፋል?»

«እናቴ ብዙ ጌሾ ወቅጣለች አሉ። ለጥምቀት ብቻ ያን ያህል ጌሾ አይወቀጥም።»

ዐዚዛ ገባት። ድግሱ ሠርግ ነው።

«ለማንም አይንገሩብኝ» አለች ልጅቷ። «አባቷን አሰደበች እባላለሁ። እርስዎ ብቻ አባቴን ይለምኑልኝ። ከሄድኩ አልመለስም።»

«መላ እፈልጋለሁ። ተራዬ ሲመለስ እነግርሻለሁ።»

የሚቀጥለው ረቡዕ የሐረገወይን ነበር። ዐዚዛ አላስችል ቢላት ሱቋን ዘግታ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር መጣች። መግባት ግን አልሆነላትም። በእኛ አገር በሰው ተራ መግባት ባለተራዋን «አትችዪበትም» ብሎ መስደብ ነው፤ ያውም እስላሟ የመሪጌታን ሚስት! ምስጢር ቀና ብላ አየቻት። ዐዚዛ ከአጥሩ ውጭ ሆና እጇን አውለበለበችላት። ልጅቷ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች። ሐረገወይን ስትወጣ «ጭምት ልጅ ናት፤ ምንም አልጎደላትም» አለችኝ።

ዐዚዛ ሁለት ረቡዕ ታገሠች። ተራዋ ከጥምቀት በፊት ነው፤ ያን ዕለት ለዳኛው ነግራ፣ ሽማግሌ ይዛ አባትየው ዘንድ ለመሄድ ልጅቷን ልታስፈቅድ አስባ ነበር። ስትመጣ አግዳሚው ባዶ ነው። ጥምቀት ሳይደርስ፣ ቅዳሜ አጎቷ መጥቶ ወስዷታል።

በነጋታው ዐዚዛና ዳኛው በአውቶቡስ አምባ ጊዮርጊስ ደረሱ፤ ከዚያ በእግር። ሠርጉ እሑድ አልፏል። የምስጢር አባት አያ ወንድምአገኝ አልተቆጣቸውም፤ ቤት አስገባቸው። የዐዚዛን አለባበስ አይቶ፣ ከድግሱ ሥጋ ይልቅ ቆሎ አስቀረበላት።

«ለልጄ ምኗ ነሽ?»

«በትምህርት ቤት እናቷ ነኝ።»

«እኔም ጠይቄያት ነበር፤ ‹ከተማ ማን አለሽ? ልጄ ናት የሚል ካለ ልስማው› ብዬ። ‹ሦስት እናት አለኝ፣ በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ› አለችኝ።» ምድጃውን ቆሰቆሰ። «እትዬ፣ እኛም ከብት በተራ እንጠብቃለን። ባለተራ እረኛ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። ባለቤት ለሚሆናት ሰጠኋት።»

ዐዚዛ ልጅቷን ልያት ብትል ሙሽራ ከጫጉላ አትወጣም አሏት። ዳኛው እከሳለሁ ሲል ምስጢር ራሷ ከወንዝ ማዶ፣ ከባሏ ቤት፣ «አባቴን እንዳታስይዙብኝ» ብላ ላከችበት። ሲመለሱ፣ ዳኛው እንደነገረኝ፣ ዐዚዛ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው፤ መንገድ ላይ ኮሶዬ ከሚባለው ቦታ ገደሉ ሲታይ «ቆሎው አልወረደልኝም» አለች።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ብድግ አለች። «ዳኛው፣ ተራ ለድግስ ነው። ልጅ በተራ አይያዝም።» ሐረገወይን አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንዲት ልጅ አንዲት እናት ሆነ፤ እስክትጨርስ ድረስ፣ ቤቷን፣ አባቷንም የምታውቅ። በተከታዩ ጥር ወንበሮቹ እንደ ድሮው አልሳሱም።

ይህን ብዙ ጊዜ አወጣዋለሁ፣ አወርደዋለሁ። የዳኛው ሐሳብ ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ፍትሐዊ ነበር። ፍትሕ ሸክም ያካፍላል። ልጅቷ ግን ሸክም አልነበረችም፤ የማን እንደሆነች ማወቅ ነበር የፈለገችው። እኛ ይህን የተማርነው በእሷ ሕይወት ነው፤ የትምህርቱ ዋጋ ደግሞ ለእሷ አይመለስላትም።

ዐዚዛ ሌላ ልጅ ውሰጂ ሲሏት «የኔ አለች» ብላ እምቢ አለች። ቢሆንም ረቡዕ አልቀረችም፤ ሌሎቹ ከልጆቻቸው ጋር ሲያጠኑ እሷ ያንኑ አግዳሚ ይዛ ለብቻዋ ትቀመጥ ነበር። ጡረታ በወጣሁበት ዓመት አንዲት አዲስ ልጅ ደብተሯን ይዛ በቀኟ በኩል ልትቀመጥ ስትል አየሁ።

«እሱ ተይዟል ልጄ» አለቻት ዐዚዛ። ከዚያ ጠጋ ብላ በግራዋ ቦታ ለቀቀችላት። «ነይ፣ በዚህ በኩል ተቀመጪ። ክፍልፋይ ደርሳችኋል?»