ጌቱ የሞረደው ደወል

ቤዛዊትን ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለን ሐበሾች ሁሉ እናውቃታለን። አረጋውያን ስትንከባከብ ትውላለች፤ ጨዋታ አዋቂ ናት፤ መንፈስ ግን አጥብቃ ትፈራለች። በዚህ ፍርሃቷ ዓመታት ስስቅባት ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ትቻለሁ።

ባሏ ጌቱ መካኒክ ነበር። ጎረቤታቸው ፓክ ወርዮ የኢንዶኔዥያ ሰው ናቸው፤ “ፓክ” ማለት እንደኛ “አባባ” መሆኑ ነው። የጃቫን የጥንት ዜማ ከወዳደቀ ብረት በሠሩት መሣሪያ ይጫወቱታል፤ ሲሰሙት ዜማ ይሁን የፋብሪካ ጩኸት ግራ ያጋባል። ጌቱንም በዚሁ ለከፉት። የፍሬን ታምቡሩ፣ የጭስ ማውጫ ቱቦው፣ ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ሙዚቃ ሆነ። በመጨረሻም ጎንግ የሚሉትን ትልቅ ደወል ሁለቱ ሆነው ከቁርጥራጭ ብረት በየዱ። ጌቱ እያንጎራጎረ ወራት ሙሉ ሞረደው።

በፓክ ወርዮ አገር ወግ ደወሉን ተራምዶ ማለፍ ነውር ነው፤ ሐሙስ ማታም አበባ ይደረግለታል። ቤዛዊት አበባውን ስታይ አማተበች።

“ብረት ይመለካል እንዴ?” አለችኝ።

ኅዳር ላይ ጌቱን የልብ ሕመም ገደለው። ከዚያ አንድ ጠዋት የበረዶ መጥረጊያው መኪና ሲያልፍ ጋራዡ ውስጥ ጌቱ አንጎራጎረ። ቤዛዊት ሮጣ ስትገባ ማንም የለም፤ አፉ ወደ ላይ ሆኖ በጀርባው የተጋደመው ደወል ብቻ ይርገበገባል። በረዶ በጣለ ቁጥር እንዲሁ ሆነ።

“አይ ስዌር፣ እውነቴን ነው፣ የሱ ድምፅ ነው! ሽማግሌው ነፍሱን አስረውብኛል” አለችኝ በስልክ።

“መኪናው ሲያልፍ ደወሉ ጀስት ቫይብሬት እያደረገ ነው” ብላትስ መች ሰምታኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ጠበል አምጥታ ደወሉን ሞላችው። ጋራዡ ማሞቂያ የለውም። ጠበሉ ብየዳው ውስጥ ሰርጎ በረዶ ሆነና ፈለቀቀው። በማግስቱ መኪናው አለፈ፤ ጋራዡ ዝም አለ። ደስ ብሏት ዳቦ ጋግራ ይዛልኝ መጣች።

ከአርባው በኋላ ፓክ ወርዮ ደወሉን ሊወስዱ መጡ፤ ሴንት ፖል ከተማ በጌቱ መታሰቢያ ኮንሰርት ላይ ሊጫወቱበት። እኔም ነበርኩ። ጨርቅ በተጠቀለለ መዶሻ ቢመቱት እንደ ድስት ክዳን ቋ አለ። ሽማግሌው ተንበርክከው ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱ።

“ቤዛ፣ ይኼ ያንቺ ነበር” አሉ በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛቸው። “ጌቱ የራሱን እንጉርጉሮ እስኪመስል ነው የሞረደው። ‘ልቤ ደካማ ነው፤ ብቻዋን ስትቀር ትስማኝ’ አለኝ። ኮንሰርቱ ላይ ልነግርሽ ነበር።”

ቤዛዊት መሬት ላይ ተቀመጠች። ፓክ ወርዮ እንደገና ልበይደው ቢሏት፣ የሌላ ሰው ድምፅ ይመጣል ብላ እምቢ አለች።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ለተሰነጠቀው ደወል አበባውን የምታደርገው ራሷ ናት። በረዶ ሲጥል ጋቢዋን ደርባ መኪናው እስኪያልፍ ጋራዡ ውስጥ ትቆማለች። በቀደም “ዛሬስ ድምፁ ተሰማሽ?” አልኳት።

“ጠበሉማ ሠርቷል” አለችኝና ፊቷን አዞረች።