በማር የተበጠበጠ በሶ

የምረቃችን ዕለት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው... የቀበሌው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የአዳማ ሙቀት ከላይ በቆርቆሮው፣ ከታች በሰዉ ትንፋሽ ይጋግረናል። እኔ በቀለ ባለጋሪው ከፊት ወንበር ላይ ጉብ ብያለሁ። በማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍል እንደ እኔ የሚያነብ አልነበረም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አስተማሪያችንም ብላለች። ለፈረሴ ሳይቀር የየሱቁን ማስታወቂያ እያነበብኩለት ነበር የምነዳው። ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም።

ያልፎከርኩበት ሰው የለም። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ባቡር ጣቢያ የጫንኩት ተሳፋሪ ሁሉ፣ «እሁድ ኑና ሰው እንዴት እንደሚያነብ ስሙ» ተብሏል።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ከምረቃው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ስኳር በሽታ አለብህ ተባልኩ። ሐኪሙ ቦርጬን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ይሄ መውረድ አለበት። ቅቤ፣ ጮማ፣ ቅባት የሚባል እንዳትነካ። ሻይህም ያለ ስኳር» አለኝ።

ባለቤቴ አስካለ ትእዛዝ ከሰማች የምትፈጽመው አስበልጣ ነው። ቅቤውን ለጎረቤት ሰጠች። እንቁላል እንኳ ቅባት አለው ብላ ከለከለችኝ።

«ታዲያ ምን ልብላ?»

«ትምህርት አንጎል ይበላል። አንተን የሚያጠነክርህ በሶ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት በሶ፣ ቀን ዘይት ያልነካው ሽሮ በእንጀራ ላይ እንጀራ፣ ወደ ክፍል ከመሄዴ በፊት ደግሞ በሶ... አንድ ቀን ጥፍጥናው አጠራጠረኝ።

«አስካለ፣ ይሄ ነገር ስኳር አለበት እንዴ?»

«ስኳርማ ከየት ይምጣ፤ ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ሰነበተ። ማር ነው፣ እህቴ ከወለንጪቲ የላከችው። ማር ደግሞ መድኃኒት ነው እንጂ በሽታ ይሆናል?»

አመንኳት። ቅባት የለው፣ ስኳር የለው... ምን ሊያደርገኝ? ጎረቤቱም «ተማሪያችን ይጠንክር» እያለ ድፎ ዳቦ ይዞ ይመጣ ጀመር። እኔም ጠነከርኩ።

ምረቃው ሲቃረብ ውኃ ጥሙ በረታብኝ። ሰሌዳው ላይም ጉም ወረደ። የጠመኔው ብናኝ ነው አልኩ። የአዳማ አቧራ ነው አልኩ።

እሁድ ስሜ ተጠራ። ወጣሁና መጽሐፉን ከፈትኩ። ፊደሎቹ እንደ ዝዋይ ዓሣ ይርመሰመሳሉ። አንዱን ያዝኩት ስል ሌላው ያመልጠኛል።

እኔ ደግሞ ሰው ፊት አፌን ዘግቼ መቆም አልችልበትም። ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩትን አንዱን ገጽ በቃሌ ወጣሁት። አዳራሹ አጨበጨበ። አስካለ እልል አለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን አጠገቤ ነበርና አንገቱን አስግጎ መጽሐፉን አየ። ለካ የከፈትኩት ሌላ ገጽ ኖሯል።

«ጓድ በቀለ፣ እስቲ ይህችን መስመር ብቻ» አለና ጣቱን አሳረፈ።

ጣቱን አየሁት። ከጣቱ ሥር ያለውን አላየሁም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ማንበብ እችላለሁ። ስኳሬ ነው ዓይኔን የጋረደብኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዕድሜ ልኬን ሳስቃቸው ኖሬ የለ... እውነቱን ስናገርም የለመዱትን አደረጉ። አንዱ ከኋላ፣ «እኛ ለሻይ ያጣነውን ስኳር ለካ ጋሽ በቀለ ናቸው የጨረሱት» አለ።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ላነበበ ነው፣ ለሸመደደ አይደለም» ብሎ የእኔን ከሌሎቹ ለየና ኪሱ ከተተው።

በሩ ላይ አስካለ ጠበቀችኝ። ከነጠላዋ ሥር ጠርሙስ አወጣች። በሶ ነው።

«ደክሞህ ነው። ጠጣ።»

ጠጣሁት።

በሳምንቱ ቢሾፍቱ ሄጄ ሌላ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ምን ምን እንደምበላ ጠየቀኝ፣ ዘረዘርኩለት። ሳልጨርስ ብዕሩን አስቀመጠ።

«በሶውንም፣ ማሩንም፣ ዳቦውንም ተው። እንጀራ ከግማሽ እንዳያልፍ። ጎመን ብላ፣ እንቁላል ብላ፣ ስታገኝ ሥጋ ብላ።»

«ያኛው ሐኪም እኮ ጠላትህ ቅባት ነው ብሎኛል።»

«እሱም እንደ ተማረው ነው የነገረህ። በዚህ ነገር እኛም ገና አልተስማማንም።»

እና እናንተ እስክትስማሙ የእኔ ዓይን መሃል ቤት ይቆይ? ልለው ፈለግሁ... ዋጥኩት። እሱን መዋጥ አልተከለከልኩም።

አስካለ ግማሽ እንጀራዬን አይታ፣ «እንጀራ ያልጠገበ ሰው በላ ይባላል?» ብላ አለቀሰች። ማሩ ነው ያጠፋኝ ብዬ አልነገርኳትም፤ ለእኔ ስትል እሷ አንዴ እንኳ አልቀመሰችውም። «ሐኪሙ ለጊዜው ተው ብሎኝ ነው» አልኳት። የቀረውን ማር ቆልፋ አስቀምጣዋለች። ስድን ልታጠጣኝ።

ሳምንታት አለፉ። ቦርጬም ወረደ። ሰፈሩ «ያ ውርደት ነው ያከሳቸው» ይላል። ባልከሳ ደግሞ አያፍሩም ይለኝ ነበር።

ትናንት ጠዋት ከአዳራሹ ማዶ ጋሪዬን አቁሜ ተሳፋሪ ስጠብቅ ቀና አልኩ... ጉሙ የለም። በሩ ላይ ጽሑፍ ያለበት ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል። አስፋልቱን ተሻግሬ ሳልጠጋ፣ ከተቀመጥኩበት ሆኜ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀምኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ለፈረሴ አነበብኩለት፤ «ቀበሌያችን ከመሃይምነት ነፃ ወጥቷል»።

አንድ ደንበኛዬ ጋሪው ላይ እየወጣ፣ «አካም ጋሽ በቀለ፣ ማን አነበበልዎት?» አለኝ።

እንግዲህ በቀበሌያችን ማንበብ የማንችል የቀረነው ሁለት ነን... እኔና ፈረሴ።