ባትሪውን ብርድ ሲመታው

ሱሉልታ ዛሬ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የጎረቤት አይሱዙ አልነሳ ብሎ ሞተሩ እያቃሰተ ሲዞር ሰማሁና ልጅነቴ መጣብኝ።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የሞተሩ አነሳስ ካሳሰበው የናፍጣውን መስመር ይዘጋና ቁልፉን ለእኔ ይሰጠኛል። «እንዲነሳ አይደለም፤ አዟዟሩን ልስማው። አዙሪ፣ ልጄ!» ይለኛል። እኔ ሳዞር እሱ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ያዘነብላል።

አንድ ጠዋት ሞተሩ ሸክም እንደከበደው ሰው ቀስ እያለ ዞረ። ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ «ይሄ ሞተር አልቆለታል፤ ይውረድ» አሉ።

«ኧረ ሞተሩስ ጤነኛ ነው። ባትሪውን ብርድ መትቶት ነው» አለ አባቴ። ባትሪውን ፈትቶ ቤት አስገባና በጋቢው ጠቀለለው።

እናቴ ታናሽ ወንድሜን ከቀበርን ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም ነበር። የዚያን ዕለት አክስቴ «እስከ መቼ ትተኛለች? ቀስቅሳት እንጂ!» ብላ አባቴን ተቆጣችው። እሱ ሌላ ጋቢ አምጥቶ እናቴ ላይ ደረበላትና ለአክስቴ «ተያት፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው» አላት። አክስቴ ግራ ገባት፤ እኔም አልገባኝም። እናቴ ጊዜ ፈጀባት እንጂ ተነሳች።

አሁን እሷ የለችም። አባቴም ከቀብሯ ወዲህ ከአልጋው እምብዛም አይነሳም። ዛሬ ልቆጣው ነበር ወደ ክፍሉ የገባሁት። ግን ጋቢዬን ደረብኩለትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ውጭ የአይሱዙው ሞተር አሁንም ቀስ እያለ ይዞራል።

አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ «ባትሪው ነው» አለኝ።