መሀል ላይ ነጭ ነው

ዛሬም አሮጌ አውቶቡስ አጠገቤ ቆሞ ናፍጣውን ሲተፋው፣ ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ እኔ ቆሜ እምገዋለሁ። የጀልባው ሽታ ነዋ! ናፍጣና እርጥብ ጃኬት አንድ ላይ ሲሸቱኝ ልጅነቴ ተመልሶ ይመጣል።

እናትና አባቴ የተለያዩት ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እዚህ ኖርዌይ፣ ላምበርትሴተር ሰፈር፣ እቤታችን ድረስ መጥተው፣ በልተው ጠጥተው፣ መክረው ገስጸው፣ ምንም ሳይፈይዱ ሄዱ። አባቴ ፊዮርዱን፣ ወደ መሬት ዘልቆ የገባውን ባሕር፣ ተሻግሮ ማዶ አንድ ክፍል ተከራየና እኔም አንዱን ሳምንት እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ሆንኩ። ዓርብ ዓርብ እናቴ እስከ ወደቡ ታደርሰኝና ጀልባው ላይ እግሯን ሳታሳርፍ ትመለስ ነበር፣ አባቴ ደግሞ ማዶ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። በመሀል ያለውን ውኃ የምሻገረው ብቻዬን ነበር።

ዛፎቹ ሲራቆቱ ከእናቴ መስኮት፣ ሩቅ ባሕሩ ላይ ቀይ መብራት ይታይ ነበር። ኖርዌጂያኖቹ «ፊር» የሚሉት፣ ለመርከብ መንገድ የሚያመለክት አሮጌ የመብራት ቤት ነው። አባቴ ጋ ስሄድ ግን ያው መብራት አረንጓዴ ሆኖ አገኘዋለሁ። ለእናቴ ስነግራት፣ «ድሮስ አባትሽ እኔ ቀይ ያልኩትን መቼ ቀይ ብሎ ያውቃል!» አለች። እሱም በተራው፣ «አረንጓዴ ነው፤ ዓይኗን ትመርመር በያት» አለኝ። እነሱ ይቀልዳሉ፣ እኔ ቀልዱን ተሸክሜ እመላለሳለሁ፤ ማዶ ሲደርስ ደግሞ አያስቅም ነበር።

በረዶው ወርዶ ገና ከሰዓት በኋላ መጨለም ሲጀምር፣ አንድ ዓርብ ግንባሬን የጀልባው መስኮት ላይ ደግፌ ሳለሁ ቀዩ መብራት ድንገት ነጭ ሆነ፣ ጥቂት እንደሄድን ደግሞ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እጠብቀው ነበር። ጀልባው ሙሉ ሰው ነበር፣ «እዩልኝ!» የምለው ግን አንድም አልነበረኝም።

በጋ ላይ አባቴ መብራቱ ያለባት ትንሽ ደሴት ድረስ ወሰደኝ። ነጭ የእንጨት ቤት ነው፣ ጣሪያው ላይ በመስታወት የተከበበ ትንሽ ክፍል ያለው። የሚያስጎበኙት ሴትዮ እንደነገሩን፣ ድሮ ጠባቂው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እዚያው እየኖረ፣ ማታ ማታ ዘይት እየሞላ፣ ጥላሸቱን ከመስታወቱ ላይ ይጠርግ ነበር፤ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ቤተሰቡ ወጣ፣ መብራቱም ብቻውን ቀረ። አምፖሉን ባየሁት ጊዜ አፈርኩለት፣ የእኛ ኩሽና አምፖል ይበልጠዋል! ብርሃኑን ሰብስቦ ሩቅ የሚልከው ዙሪያውን ያለው ወፍራም፣ ሽንትር ሽንትር ያለ መስታወት ነው፣ ቀዩና አረንጓዴው ደግሞ በየጎኑ የተገጠመ ባለቀለም ብርጭቆ ነው።

«መብራቱ አንድ ነው» አሉ ሴትዮዋ። «መንገዱን የያዘ መርከብ ነጭ ያያል። ቀይ ወይም አረንጓዴ ያየ ግን ከመንገዱ ወጥቷል።»

አባቴ ባሕሩን ያይ ጀመር። እኔ ግን ሽማግሌዎቹን የበለጥኳቸው መሰለኝ፤ ሁለቱም አብረውኝ ተሳፍረው ነጩን በአንድ ጊዜ ቢያዩት ይታረቃሉ ብዬ ቆረጥኩ። ምክንያቱን ለማንም አልተነፈስኩም፣ ተናግሬው እንደ ሌላው ነገር ቀልድ እንዳያደርጉት ፈራሁ። «እማዬ፣ አንድ ቀን አብረን እንሻገር» እላታለሁ፣ «እሺ፣ አንድ ቀን» ብላ ታልፈኛለች። አባቴም «እሷ ከመጣች እኔ ምን ቸገረኝ» ይለኝ ነበር። በየበጋው ለመንኳቸው፣ እያደግሁ ስሄድ መለመኑን ተውኩት።

እናቴ ጀልባው ላይ የወጣችው አምና ነው፣ ለአባቴ ለቅሶ።

ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ጀልባው ዛሬ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው፤ የልጅነቴ ጀልባ መሆኑንም እንጃ። ያኔ ብቻዬን እሻገር ነበር፣ ማዶ ግን የሚጠብቀኝ ሰው ነበረኝ። መሀል ስንደርስ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ቀዩ ነጭ ሆነ እኮ!»

«መሀል ላይ ነጭ ነው፣ እማዬ።»

ብዙ አየችው፣ ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ለዚህ ነበር እንዴ አብረን እንሻገር የምትዪኝ?»

ራሴን ነቀነቅሁላት። ተመልሳ ስትዞር መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፣ እሷም አባቴ እንዳለው አረንጓዴ መሆኑን አየች።