ቤዙ ምን በደለ

ስናደድ አልጮህም። ጥርሴን ነክሼ ዝም እልና ስወጣ በሩን እወረውረዋለሁ። ሰቆጣ ውስጥ አብረውኝ የሚጫወቱ የኪነት ጓደኞቼ ይህን ስለሚያውቁ፣ ፊቴ ሲከፋ «በሩን ያዙት!» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይህን የምጽፈው በሩን ስንት ጊዜ ወርውሬም ስላልወጣልኝ ነው።

የምጫወተው ቤዝ ጊታር ነው። ሰርግ ላይ ትከሻውን የሚነቀንቀው ሁሉ ማሲንቆውን ያመሰግናል እንጂ ከኋላ የቆምኩትን እኔን የሚያየኝ የለም። በዚህ አልቀየምም፣ ለምጄዋለሁ። የቤዜን ድምፅ ሲያሙብኝ ግን ደሜ ይፈላል፤ ያ ድምፅ ከሱቅ የተገዛ አልነበረምና።

በጦርነቱ ጊዜ ቤዙን በላስቲክ ጠቅልለን ገለባ ውስጥ ቀብረነው ነበር። ስናወጣው እንጨቱ ደህና ነው፤ ሁለቱን ፒካፖች ግን እርጥበት በልቷቸዋል። ፒካፕ ማለት ከክሮቹ ሥር የሚቀመጥ ማግኔት ነው። ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ዙር ተጠምጥሞበታል፤ የክሩን ንዝረት ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልከው እሱ ነው። ሽቦው አንድ ቦታ ከተበጠሰ ቤዙ ከማገዶ አይለይም።

ያኔ መንገዱ ዝግ ነው፣ መብራትም የለም። ቤዝ ያስተማሩኝ ሰው፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ከሞቱ ሬዲዮኖች ውስጥ ቀጭን ሽቦ ለቅመው ገበያው ጥግ ወዳለ ልብስ ሰፊ ወሰዱኝ። ፒካፑን በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪና መዘውር ላይ አሰሩት። ልብስ ሰፊው ይረግጣል፣ ጋሼ ሽቦውን በሁለት ጣታቸው ይመራሉ፣ እኔ ዙሩን እቆጥራለሁ። ልብስ ሰፊውም እየረገጠ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ይቆጥራል። ቁጥራችን ከተለያየ ጋሼ ያለ ርኅራኄ ፈትተው እንደገና ያስጀምሩናል። ለሁለቱ ፒካፕ አንድ ሳምንት ፈጀ። ሲያልቅ ሽቦው እንዳይነቃነቅ ጧፍ አቅልጠው አፈሰሱበት፤ ጫፉንም በከሰል በጋለ ብረት በየዱት።

ይሠራ አይሠራ ማንም አያውቅም፣ መብራት የለማ! ወራት ጠበቅን። መብራት የመጣ ቀን ሰው ስልኩን ሲሰካ እኔ ቤዙን ሰካሁ። የመጀመሪያውን ክር ስነካ ወፍራም፣ ትንሽ ሻካራ፣ የሽማግሌ ጉሮሮ የመሰለ ድምፅ ወጣ። እኔ አለቀስኩ። ጋሼ «ይኼው ነው እንግዲህ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ባለፈው ሐምሌ ከሌላ ከተማ የተመደበ የቡድን ኃላፊ መጣልን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በጠዋት ይገባል፣ ሁሉን በስሙ ይጠራል፣ የማያውቀውንም ነገር እንደሚያውቀው አድርጎ ያስተካክላል። እሱ በመጣ ሰሞን የምንለማመድበት አዳራሽ ውስጥ ቤዙ እንደ ንብ ቀፎ ጥዝዝ ማለት ጀመረ። ዘፋኟ ደግሞ «ማይኩ ከንፈሬን ይነዝረኛል» አለች። «ሊፒስቲክሽ በዝቶ ነው» ብለን ሳቅንባት።

ኃላፊው ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። አንዱ ወሬኛ ፒካፖቹ በምን እንደተጠመጠሙ ነግሮታል። ሁላችንም በተሰበሰብንበት፣

«በስፌት መኪና?» አለ እየሳቀ። «ወንድሜ፣ የያዝከው ጊታር ነው ወይስ ቀሚስ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ለምን እንደዚያ እንደተሠሩ፣ ያኔ ሰቆጣ ምን እንደነበረች፣ የማን ጣት እንደደከመባቸው ልነግረው ይገባ ነበር። ዝም አልኩ። ይሉኝታ ይሁን ፍርሃት ዛሬም አልለየሁትም።

ከሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ ያስመጣቸውን አዲስ ፒካፖች በሚያብረቀርቅ ካርቶን አመጣልኝ። «የሻደይ በዓል ላይ በነዚህ ትጫወታለህ» አለኝ። «አልፈልግም ካልክ ቤዙን የሚጫወት ሌላ ሰው አይጠፋም።»

ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ክሮቹን አላላሁ፣ ብሎኖቹን ፈታሁ። ፒካፑ አልወጣ አለኝ። የጋሼ ጧፍ ከእንጨቱ ጋር አጣብቆታል። ትንሽ ባሞቀው ሰሙ ቀልጦ በቀላሉ ይለቅ ነበር። ይህን አውቃለሁ፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ግን ተናድጄ ነበር። የብሎን መፍቻውን ከሥሩ ሰክቼ ፈነቀልኩት። ቀጭ አለ። ሰሙ ተሰነጠቀና የሳምንቱ ጥምጥም ተተርትሮ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ሁለተኛውን እንኳ በትዕግሥት ላውጣ አላልኩም፤ አንዴ አበላሽቻለሁ ብዬ እሱንም እንደዚያው ፈነቀልኩት።

አዲሶቹን ገጠምኩ። ሽቦ ከሽቦ በየድኩ፣ ክሮቹን አጠበቅሁ፣ ሰካሁት።

ጥዝዝ።

ያው ነው። ቅንጣት አልቀነሰም። ኃላፊው መጥቶ ጆሮውን አዘነበለና «ታዲያ ማጉያውንም እንቀይረዋ» አለኝ። ያን ቀን የአዳራሹ በር ማጠፊያው ተነቀለ።

በማግስቱ ጋሼን እጃቸውን ይዤ አመጣኋቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፣ ጣታቸውም ይንቀጠቀጣል። ፒካፕ መጠምጠም ለሳቸው ያለፈ ነገር ነው። መቀየሩን አልነገርኳቸውም። ደፍ ላይ እንደቆሙ ጥዝዝታውን ሰሙና ወደ ቤዙ እንኳ አልቀረቡም።

«ቤዙ ምን በደለ? ግራውንዱን አይታችኋል?» አሉ።

መልስ ሳይጠብቁ ግድግዳውን በዱላቸው እየዳሰሱ ወደ ጓሮ ዞሩ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆመው መሬቱን ወጋ ወጋ አደረጉ።

«እዚህ የተከልኋት ፌሮ የት ሄደች?»

ለካ እኔ ቡድኑን ሳልቀላቀል በፊት፣ ከመሣሪያዎቹ የሚተርፈው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እንዲገባ አንድ የፌሮ ብረት ቀብረው ሽቦ አስረውባት ኖሯል። ብረቷ የለችም። ሽቦው ግን በጥንቃቄ ተፈትቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ያን ሽቦ ሳየው ትዝ አለኝ።

በሐምሌ መጀመሪያ ዝናቡ መሬቱን ሲያለሰልሰው፣ የአዳራሹ ጥበቃ የሆኑት ሽማግሌ ወደ እኔ መጥተው ነበር። «ልጀ፣ ከኋላ ያለችው ብረት ምን ታረጋለች? ለሙክቴ ችካል ትሁነኝ?» ብለው ጠየቁኝ። ለፍልሰታ ፍቺ የሚያደልቡት ፍየል ነበራቸው። ክር እያጠበቅሁ ስለነበር ቀና እንኳ አላልኩም። «ይውሰዷት አባባ፣ ምን ትሠራለች» አልኳቸው።

እንግዲህ በማን ልናደድ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲሉ ኃላፊው ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ እኔው ነኝ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉትም እኔን አይገልጸኝም፤ እኔ መዳቡንም አልቆጠርኩት።

ወደ ሽማግሌው ቤት ሮጥኩ። ሙክቱ ፌሮዋ ላይ ታስሮ ድርቆሽ ይበላል። ብረቷን ስነቅል ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው «ምን ሁነሃል? አንተው አይደለህ የሰጠኸኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፍየሉን ከአጥሩ እንጨት ጋር አስሬላቸው ተመለስኩ።

ፌሮዋን ከቦታዋ ተከልኳት፣ ውኃ አፈሰስኩባት፣ ሽቦውን አሰርኩ። ጥዝዝታው ቀጥ አለ። ዘፋኟ ማይኩን ከንፈሯ ላይ አስጠግታ ሞከረችና «አልነዘረኝም» ብላ እኛን አንድ በአንድ አየችን። ይቅርታ የጠየቃት የለም።

ኃላፊው ድምፁን ሰምቶ ከቢሮው ወጣ። «አላልኩህም?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አዲሱ ፒካፕ ሠራ!» አጎንብሼ ክሮቹን መቃኘት ያዝኩ። ብረቷን የሰጠሁት እኔ፣ ጥምጥሙን የፈነቀልኩት እኔ፣ ምን አፍ አለኝ?

እሱ ወደ ቢሮው ሲመለስ ጋሼ «እስቲ ምታው» አሉኝ። መታሁት። ንጹሕ፣ ቀጭን፣ የትም ከተማ የሚሰማ ድምፅ ነው።

«ይኼ የኔ አይደለም» አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የብሎን መፍቻውን ጭምር። በዱላቸው ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። «አምጣቸው።»

የሁለቱን ፒካፖች የተወሳሰበ ሽቦ ከኪሴ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። በጣታቸው ትንሽ ዳበሱት።

«ጫፉን ፈልግልኝ፣ እኔ አይታየኝም» አሉ።

እግራቸው ሥር ተንበርክኬ አጎነበስኩ። እንባዬ እየጋረደኝ ሽቦውን በጥፍሬ ስነካካ፣

«ቀስ በል ልጀ፣ እንዳትበጥሰው» አሉኝ።