ሳሎን ውስጥ የዘነበው ዝናብ

ሰው ቶሎ አላምንም። ይህን የምለው ልመካበት ፈልጌ ሳይሆን ቀጥሎ የማወራው እንዲገባችሁ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬ የቀረውን በራሴ ከመጽሐፍ ለቃቅሜ የተማርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ የተማረ ሰው ደግሞ ባይኑ ያላየውን ለመቀበል ይቸገራል። ልጄንም ያሳደግኳት በዚሁ ነው። የት እንደዋለች ጠይቄ መልሷን ከሰማሁ በኋላ ወጥቼ የመኪናዋን ማይል ቆጣሪ አያለሁ።

የምሠራው አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ ነው። ጠዋት ጠዋት ከኮሎምበስ ዳርቻ፣ ከሬይኖልድስበርግ ተነስቼ ሚነርቫ ፓርክ ብቻቸውን ወደሚኖሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ቤት እነዳለሁ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሌላ ስቴት ትኖራለች። ቁርስ አቀርባለሁ፣ መድኃኒት አስታውሳለሁ፣ ሻወር ሲገቡ በር ላይ እቆማለሁ። ሺፍቴ ሲያልቅ ምን እንደበሉ፣ ምን እንደተናገሩ፣ ምን እንደተለወጠ በስልኬ ኖት ጽፌ እልካለሁ። ኖቱን ሱፐርቫይዘሬም ልጃቸውም ያነቡታል። አንዴ ከተላከ አይፋቅም።

ሳሎናቸው ውስጥ አልጋ የሚያክል የዓሣ ገንዳ አለ። ዓሦቹ ዲስከስ ይባላሉ። እንደ ሰሐን ክብና ጠፍጣፋ ናቸው፤ መልካቸው ቡናማ ሆኖ ጎናቸው ላይ ከላይ ወደ ታች ጥቁር ሰንበር ወርዶባቸዋል። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ቀያዮቹ ሰው ያራባቸው ናቸው፣ የእሳቸው ግን ከአማዞን ጫካ የተያዙ የዱር ናቸው አሉኝ ሽማግሌው። ይህንንም አላመንኩም። የዱር ከሆኑ ለምን ምግብ የያዘ እጅ ሲያዩ ይመጣሉ?

መጸው ላይ የገንዳው ውሃ መጉደል ጀመረ። አንድ ሳምንት አየሁ፣ ሁለት ሳምንት አየሁ፣ እየተነነ ወደ ግማሽ ወረደ።

«ልጨምርበት?» አልኳቸው።

«ተወው። ገና ድርቅ ላይ ነን።»

ኮሎምበስ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብባት ነበር የሰነበተችው። ጫማዬ በር ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። «ደንበኛው ድርቅ ነው አሉ» ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ከጓሮ የደረቀ የኦክ ዛፍ ቅጠል እንድለቅም አዘዙኝ። ለቀምኩ። በትልቅ ድስት ቀቅለው ጥቁሩን ውሃ ገንዳው ውስጥ ገለበጡት። መስተዋቱን በየሳምንቱ የምወለውለው እኔ ነኝ፤ ያ ጥርት ያለ ውሃ ባንድ ቀን የቦይ ውሃ መሰለ። ያኔ በልቤ ክፉ ነገር ገባ። መድኃኒታቸውን እያሟሙ ይደፉበት ይሆን ብዬ ክኒኖቹን ቆጠርኩ። አልጎደለም። ይህ ግን ጥርጣሬዬን አላበረደውም፤ ጠንቃቃ ናቸው ማለት ነው አልኩ።

ልጄ ነርስነት ትማራለች። ማታ እራት ላይ ነገርኳት።

«አባዬ፣ ጠይቀሃቸዋል?»

«ምን ብዬ?»

«ለምን ብለህ።»

«የተጠየቀ ሰው መልስ አያጣም።»

«ዳድ፣ ዩ አር ኢምፖሲብል» ብላ ሰሐኗን ይዛ ተነሳች።

በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት የሚያር ነገር ሸተተኝ። ድስቱ ምድጃ ላይ ውሃው አልቆ፣ ቅጠሉ ከሰል ሆኖ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው እንደበራ ነው። እሳቸው ገንዳው ፊት ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አጠፋሁት። ሲነቁ ስለ ድስቱ አንድም ነገር አላነሱም።

«ዛሬ ዝናብ ይጀምራል» አሉ።

በመስኮት አየሁ። ሰማዩ ላይ አንዲት ዳመና የለችም።

በፊልተር አጣርተው በየጋሎኑ ያጠራቀሙትን ውሃ አስወጡኝ። ሳይሞቅ፣ እንደቀዘቀዘ የአበባ ማጠጫ ውስጥ አስጨመሩኝና ገንዳው ላይ ከፍ አድርጌ እንድይዘው ነገሩኝ።

«አትድፋው። አዝንበው።»

ስልሳ ዓመት የሞላኝ ሰው ዓሣ ላይ ዝናብ አዘነብኩ። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው ያወራሉ፦ እዚያ ጫካ ውስጥ ዝናቡ ሲመጣ ወንዙ ሞልቶ ዛፎቹን እስከ ቅርንጫፋቸው ይውጣል፤ የረገፈው ቅጠል ውሃውን ያጠቁረዋል፤ ዓሦቹ በበጋ ወፍ ይቀመጥበት በነበረው ቅርንጫፍ መካከል ይዋኛሉ፤ እንቁላል የሚጥሉትም ያን ጊዜ ነው። ዓይናቸው ያበራ ነበር። እኔ ደግሞ በዚህ ሥራ ዓይኑ እንዲያ የሚያበራ፣ የልጁ ስም የጠፋበት ሰው አይቻለሁ።

ያን ቀን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ደንበኛው ዛሬ ይዘንባል አሉ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ዓሣ ዛፍ ላይ ይዋኛል አሉ። ምድጃ ላይ ድስት ረስተው አቃጥለዋል። ላክሁት። ግዴታዬን ተወጣሁ ብዬ ቀለለኝ።

ሐሙስ ቁርስ ላይ ሽማግሌው ዳቦአቸውን እየቆረሱ፣ «ልጄ ደውላ ነበር» አሉኝ። «የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ትመጣለች። ከቤት አውጥታ የምታስገባኝ ናርሲንግ ሆም አይታልኛለች። የጻፍከውን አንብባ ነው።»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አልኩ።

«ጥሩ» አሉና ዳቦአቸውን መቁረስ ቀጠሉ።

ያቺ «ጥሩ» ከስድብ የባሰች ሆነችብኝ። ተሳስቼ ይሆን የሚለውን ሐሳብ ለማጥፋት ተጨማሪ ማስረጃ ፈለግሁ። ከቁርስ በኋላ ጋደም ሲሉ የገንዳውን ሥር መሳቢያ ከፈትኩ። የሰው መሳቢያ መክፈት ነውር መሆኑን ለልጄ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ። እኔ ግን ከፈትኩ።

ያረጀ ደብተር አገኘሁ። ጽሕፈቱ መጀመሪያ ገጾቹ ላይ ጠንካራ ነው፣ ወደ መጨረሻው ይንቀጠቀጣል። ቃላቱ ግን ከዓመት ዓመት ያው ናቸው፦ ድርቅ፣ ውሃው ዝቅ አለ። ቅጠል። ዝናብ። በአምስተኛው ቀን እንቁላል። በአንዱ ዓመት ደግሞ፦ ቸኮልኩ፣ ድርቁን አሳጠርኩ፣ እንቁላል የለም። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ፣ እኔ እዚህ አገር ሳልመጣ፣ እኚህ ሰው በየዓመቱ ሳሎናቸው ውስጥ በጋና ክረምት ሲያፈራርቁ ኖረዋል። እኔ እንደምጽፈው እሳቸውም ያዩትን ጽፈዋል። ልዩነቱ እሳቸው የሚያዩትን ነገር ማወቃቸው ነው።

ከሰኞ ስቆጥር አምስተኛው ቀን ነገ ነበር።

ዓርብ ስገባ ቆመው ጠበቁኝ። ገንዳው ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ግንድ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የመሰሉ እንቁላሎች ተደርድረዋል። ሁለቱ ዓሦች በክንፋቸው ያራግቡላቸዋል።

«ደብተርዎን አንብቤአለሁ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ገልብጠህ ነው ያስቀመጥከው። ለምን አልጠየቅከኝም?»

«የተጠየቀ ሰው መልስ አያጣም ብዬ።»

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ሌላ ኖት ልጽፍ ተቀመጥኩ። ስለ ድርቁና ስለ ዝናቡ የጻፍኩት ሳይገባኝ የጻፍኩት ነው አልኩ። የምድጃውን ነገር አብሬ ስህተት ነበር ልል ቃጣኝ። አንዲት ቃል ብጨምር ቤታቸው ይቀሩ ይሆናል። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ያነቡ ነበር።

«ድስቱ እውነት ነው» አሉ። «ተወው።»

ተውኩት።

ልጃቸው በዚያ ቅዳሜ የናርሲንግ ሆሙን ወረቀት የያዘ ፎልደር ታቅፋ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ቡናማውን ገንዳ አየች፣ አባቷን አየች፣ እኔን አየችኝ። ቀኑን ጠየቀቻቸው፤ መለሱ። የሐኪማቸውን ስም ጠየቀቻቸው፤ ይህንንም መለሱ። ከዚያ ወደ መስተዋቱ ጠጋ ብላ ደነገጠች። የሁለቱ ዓሦች ጎን ላይ ጤፍ የሚያህሉ ነገሮች ተጣብቀው ይርመሰመሳሉ።

«አባባ፣ ታመዋል እንዴ?»

«እየበሉ ነው።»

ጫጩቶቹ ነበሩ። ወላጆቹ ከቆዳቸው ወፍራም ዝልግልግ ነገር ያወጣሉ፣ ልጆቹ ያንን እየላሱ ያድጋሉ። እናቲቱ ሲደክማት ገላዋን አራገፈችና ፈቀቅ አለች፤ ጫጩቶቹ ተበትነው ወዲያው ወደ አባትየው ሄዱና ተለጠፉበት። እሱ ንቅንቅ አላለም። ቆዳው በየቦታው ተፍቆ ነበር። ልጃቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ፎልደሩ ጭኗ ላይ ሳይከፈት ቆየ።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ምን ትላለህ?»

«አባትሽ ስለ ዓሦቹ አልተሳሳቱም» አልኳት። «ስለ ምድጃው ግን ተሳስተዋል።»

ብዙ ካሰበች በኋላ ምድጃውን ከኤሌክትሪኩ አስነቀለችኝ፤ እስከ ፀደይ ቤታቸው ይቆዩ፣ ከዚያ በኋላ እናያለን አለች። ፎልደሩን ግን ይዛው ሄደች እንጂ አልጣለችውም። እኔም ብሆን አልጥለውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅጠሉን የምቀቅለው ሬይኖልድስበርግ፣ ቤቴ ነው። ሚስቴ መስኮት እየከፈተች «የጅብ መድኃኒት ነው እንዴ የምትቀምመው?» ትለኛለች። ልጄ ለምን ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ማይሏን ማየት ትቻለሁ ብዬ አልዋሽም፤ አሁን ግን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

በጥር ወር በረዶው ጉልበት ሲደርስ ሁለተኛውን ድርቅ ጨረስን። ማጠጫውን ይዤ አዘነብኩ፣ ኖቴንም ጽፌ ላክሁ። ወደ ቤት ስነዳ ሱፐርቫይዘሬ ኮል አደረገችኝ። ያገሬ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ኖትዎን እያየሁት ነበር። ዛሬ እኮ ስኖው ነው የጣለው።»

«አዎ፣ እየነዳሁበት ነው።»

«እርስዎ ግን ‹ዛሬ ዝናብ ጀመረ› ብለው ነው የጻፉት።»

«ጀምሯል። ሳሎን ውስጥ።»

ከወዲያ በኩል ኪቦርድ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ።

«ጋሼ... ደህና ነዎት ግን?»

«ከመጻፍሽ በፊት» አልኳት፣ «ለምን ብለሽ ጠይቂኝ።»