ጋሽ ሰይፈ ፊቴን ሲስሉ

ልጅ እያለሁ አሥራ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፊቴን ቁጭ ብለው ያዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እናትና አባቴ እንኳ ያን ያህል አይተውኝ አያውቁም፤ ጊዜው አልነበራቸውም። አባቴ ፍሪሞንት በሚባል ከተማ የኮምፒውተር ቦርድ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ይሠራል፣ እናቴ ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ። ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ነው። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ፣ ከቴሌግራፍ ጎዳና ገባ ብሎ በሚገኝ አሮጌ አፓርትመንት እንኖር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም ኦቨርታይም ሲገቡ እኔ ከታች ከሚኖሩት ከጋሽ ሰይፈ ቤት እውላለሁ።

ጋሽ ሰይፈ ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ ፓሪስ ተልከው ሥዕል ተምረዋል። አሜሪካ ከመጡ በኋላ ግን አንድ የፍሬም ሱቅ ውስጥ መስታወት ሲቆርጡና የሌላ ሰው ሥዕል ፍሬም ውስጥ ሲያስገቡ ኖረው ጡረታ ወጡ። ቤታቸው ተርፔንታይን የሚባለው የቀለም ማቅጠኛና የተልባ ዘይት ይሸታል። ተልባ ከሆድ ሌላ ለሥዕልም እንደሚሆን ያወቅሁት እዚያ ነው።

አንድ ጠዋት እናቴ ልታደርሰኝ ስትወርድ፣ "ይቺን ልጅ ልሳላት?" ብለው ጠየቋት።

"ዝም ብላ ከተቀመጠችልዎት" አለች እናቴ እየሳቀች።

ዝም ብሎ መቀመጥ ለአሥር ዓመት ልጅ ቅጣት ነው። መስኮቱ አጠገብ ያለ ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ፣ ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ "ካን አይ ሙቭ ናው?" እላለሁ። አማርኛው ይገባኛል፤ አፌ ግን ቀድሞ ወደ እንግሊዝኛው ይሮጣል። "ገና ነው ሶስና፤ ፊት አይቸኮልም" ይሉኛል፤ እሳቸውም ከአማርኛቸው ንቅንቅ አይሉም። በመጨረሻ ዘዴ አገኙ። እኔ እንድረጋ የአንድ ፈረንሳዊ ሰዓሊ ታሪክ ይተርኩልኝ ጀመር።

የሰዓሊውን ስም ደጋግመው ነግረውኛል፤ በአፍንጫ የሚወጣ ስም ስለሆነብኝ አልያዝኩትም። ታሪኩ ግን አልጠፋኝም። አባቱ ጓንት ሰፊ ነበር። ልጁ ከገጠር ከተማ ወደ ፓሪስ መጥቶ ከአንድ መምህር እግር ሥር ተቀመጠ፤ ከዚያም ሮም ወርዶ የጥንቶቹን የድንጋይ ሐውልቶች ዓመታት ሙሉ በወረቀት ሲገለብጥ ቆየ። ሲመለስ መሳፍንቱና እመቤቶቹ ፊታቸውን ለማሳል ይጠብቁት ጀመር። ጌጥ አይወድም፤ ከሰውየው ጀርባ ባዶ ግድግዳ፣ በአንድ በኩል ብርሃን፣ ከዚያ ፊት ብቻ። "ሰው ራሱ ይበቃል ይል ነበር" አሉኝ ጋሽ ሰይፈ።

ከዚያ አብዮት መጣ። ሰዓሊው የሳላቸው ሰዎች አንድ በአንድ አንገታቸው ተቀላ። የገደሏቸው ሰዎች ደግሞ በተራቸው መጥተው "እኛንም ሳለን" አሉት።

"ዲድ ሂ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ሳላቸው። ያውም አሳምሮ።" ብሩሹን ቀለም ነከሩ። "እነዚያም ወደቁ። ከዚያ በኋላ ሥዕል የሚያሳለውም፣ ሰላም የሚለውም ጠፋ። ሲያረጅ ቤት የምትጠርግለትን ሴት ሳላት። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው እሷ ናት፤ ተማሪ ሳለሁ ሦስት ወር ቆሜ ሥዕሏን ገልብጫለሁ።"

ዘጠነኛው ቅዳሜ ካለፈ በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ አበራ የሚባል የአባቴ ጓደኛ ከሳንታ ክላራ ሊጠይቀን መጣ። ደረጃው ላይ ከጋሽ ሰይፈ ጋር ተላለፉ። ገብቶ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ "ይህን ሰውዬ ታውቀዋለህ?" አለው አባቴን። "አብዮት አደባባይ የሚሰቀለውን የደርጎቹን ምስል ይስል የነበረው እሱ እኮ ነው።"

አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። ታላቅ ወንድሙ በቀይ ሽብር እንደተገደለ አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም። ፎቶው እንኳ የለንም፤ ፍተሻ ሲመጣ አያቴ ከወረቀቶቹ ጋር አቃጥላዋለች። አባቴ ያን ዕለት አንድ ነገር ብቻ አለኝ፦ "ከእንግዲህ ታች አትወርጂም።"

ሦስት ቅዳሜ እናቴ ሥራ ቦታዋ እየወሰደችኝ፣ ከአሮጊቶቹ ጋር ቴሌቪዥን እያየሁ ዋልኩ። አላለቀስኩም፤ አኮረፍኩ እንጂ። ጋሽ ሰይፈ በአጠገባችን ሲያልፉ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፤ አባቴ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። በአራተኛው ቅዳሜ አባቴ ሥራ አልገባም። ጠዋት ሸሚዙን ለብሶ ወደ ታች ወረደ። ተከተልኩት፤ አልመለሰኝም።

ጋሽ ሰይፈ በሩን ከፈቱ። አባቴ ገብቶ ቆመ።

"አደባባዩ ላይ የሚሰቀሉትን ምስሎች ይስሉ የነበሩት እርስዎ ነዎት?"

ጋሽ ሰይፈ እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩና፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ" አሉ።

"ወደው ነው?"

"አስገድደውኝ ነው ብልህ ግማሹ እውነት ነው። መኪና ልከው ወሰዱኝ። ግንባሬ ላይ ሽጉጥ ግን አልደገኑም። ፈራሁ፤ ፈርቼ ሳልኩ።"

"ወንድሜን የገደሉት እነሱ ናቸው።"

"ስሙ ማን ነበር?"

"ግርማ" አለ አባቴ። "አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።"

"ይቅርታ አልልህም፤ ያንሳል" አሉ ጋሽ ሰይፈ። "ልጅህን በመከልከልህም አልቀየምኩም። ሥዕሉን ግን ውሰድላት። ባያልቅም የእሷ ነው።"

አባቴ ወደ ሸራው ዞረ። ግንባሬና ዓይኖቼ አልቀዋል፤ ከአፍንጫዬ በታች ግን ገና ቡናማ ቀለም ብቻ ነበር። ረጅም ጊዜ አየው። "አፍ የላትም" አለ።

"አፍ መጨረሻ ነው የሚሳለው።"

አባቴ ወንበር ስቦ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። "ይጨርሱላት" አለ። "እኔም እዚሁ እሆናለሁ።"

የቀሩትን ሁለት ቅዳሜዎች እንዲህ ሦስታችን ተቀመጥን። የፈረንሳዊው ታሪክ አልቀጠለም። በመጀመሪያው ቀን የብሩሹ ድምፅ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ጋሽ ሰይፈ ዓይናቸውን ከሸራው ሳያነሱ፣ "ግርማ ትምህርት ይወድ ነበር?" ብለው ጠየቁ። አባቴ ቀስ ብሎ ማውራት ጀመረ። ግርማ የአባቱን ጫማ ሰርቆ ጭፈራ ይሄድ ነበር አለ። ማፏጨት እንጂ መዝፈን አይችልም ነበር አለ። በግራ እጁ ስለሚጽፍ መምህሩ ጣቶቹን በማስመሪያ ይመቱት እንደነበርም ነገረን። እኔም በግራዬ ነው የምጽፈው። አባቴ ግን ይህን እስከዚያ ቀን ነግሮኝ አያውቅም።

"መልኩን ብትነግረኝ ልስለው ልሞክር እችላለሁ" አሉት ጋሽ ሰይፈ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እሱን ተዉት" አለ አባቴ። በቁጣ አልነበረም። ጋሽ ሰይፈ ራሳቸውን ነቀነቁና አፌን ሊጨርሱ ተመለሱ።

ሥዕሉ ሲያልቅ ሮዝ ሹራቤን ነጭ ልብስ ስላደረጉት ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳን ሆዜ፣ ወላጆቼ በኋላ በገዙት ቤት ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ከኋላዋ ምንም የሌላት፣ ሰው የምታዳምጥ የምትመስል ልጅ። ጋሽ ሰይፈ ሃይስኩል ሳልጨርስ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ሣጥናቸውን ከተሸከሙት አንዱ አባቴ ነው።

አሁን እኔ አባቴ ያኔ ከነበረበት ዕድሜ አልፌአለሁ። የአገር ቤት ፖለቲካ በተነሳ ቁጥር ስልኬ ላይ ስንቱን ብሎክ እንዳደረግሁ አላስታውስም፤ አንድ ጣት ይበቃል፣ ፊታቸውንም አላይም። አባቴ ፊት ለፊት ነው የሄደው፤ የሚሄድበትም ሩቅ አልነበረም፣ አንድ ፎቅ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ጋሽ ሰይፈን ይቅር ብሏቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። ጥያቄውን ሲጠብቀው የኖረ ይመስል አልደነገጠም።

"ይቅር ማለት የግርማ ነበር፤ እሱ የለም" አለኝ። "እኔ የተቀመጥኩት አንቺን እየሳሉ ስለነበር ነው። ተቀምጬ ሳለሁ ደግሞ፣ ስለ ግርማ ጠየቁኝ።"